እንዳሻው ቤት

ከመጨረሻው ፌርማታ፣ ታክሲው ከሚዞርበት፣
አስፋልቱ «በቃኝ» ብሎ ለጭቃው ከለቀቀበት፣
ቱሉ ዲምቱ፣ ቀዩ ጉብታ፣ ነፋስ የማያጣው አገር፣
ብሎክ ሦስት መቶ አራት ሥር፣ ከጸጉር ቤቱ አጠገብ፣ ከቀለም መሸጫው በር፣
አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፤ አምስት ጠረጴዛ ያላት፣
አንደኛው፣ ቆርኪ ቢያስደግፉትም፣ ዛሬም የሚያነክስባት።
በሩ ላይ በቀይ ቀለም፣ በእጅ ጽሑፍ፣ ዘመም ብሎ፦
«እንዳሻው ምግብ ቤት»፤ ከሥሩ፣ «ጾምም አለ» ተብሎ።

እንዳሻው የሰውዬው ስም ነው፤ እናቱ ያወጡለት።
የበላ ግን ስም ነው ሲሉት፣ ይስቃል እንጂ አያምንበት።
መኮሮኒን በአይብ ያፍናል፣ ከላይ ሚጥሚጣ ይነሰንሳል፤
ላዛኛውን በጎመንና በለብለብ ክትፎ ይደርባል፤
የሥጋ ድቡልቡሉ በቁሌት፣ በበርበሬ ይንተከተካል፣
ለሰው አንድ አንድ ይታደላል፣ እንደ ዶሮ ወጥ እንቁላል።
በጾም ደግሞ ሽሮ ፒዛ። አዎ፣ ሽሮ። ቃሪያ ተደርድሮበት።
መጀመሪያ ሳቅን፤ ኋላ ጠርዙን ቆረስን፤ ከዚያ ዝም አልንበት።

«አሜሪካ ያሉ ጣልያኖች እንዲህ ነው የሚበሉት» ይላል።
አሜሪካን አላያትም፤ ዱባይ፣ አንድ ሆቴል ጓዳ፣ ስድስት ዓመት ሽንኩርት ልጧል።

ባጃጅ ነጂው ኦብሳ ጥግ ይቀመጣል፣ ቁልፉን ከሹካው ጎን አኑሮ፤
የቀለም መሸጫው ሰለሃዲን «የተለመደው» ይላል፣ ሰማያዊ ቀለም እጁ ላይ አድሮ።

ባለፈው፣ ደሞዝ በወጣ ማግስት፣ አባቴን ይዤው ሄድኩኝ።
ሃያ ስድስት ዓመት የአሰብን መንገድ የነዳ ሰው ነው፤ ፈራሁኝ።
ፓስታ ማለት ለእሱ፣ ሚሌ ላይ፣ በእኩለ ሌሊት፣ በፋኖስ፣
የኤንትሬው ሞተር ሳይበርድ፣ በላብ፣ በአቧራ፣ በነፋስ፣
በአንድ ሰሃን፣ ከረዳቱ ጋር፣ በእንጀራ የሚጎረስ።

ሜኑውን አራቀው፣ አቀረበው፤ መነጽሩን ረስቷል።
«ይሄ ምንድነው?» «ላዛኛ።» «በክትፎ?» «በክትፎ።» «ማን ፈቅዷል?»
እንዳሻው ራሱ ወጣ፣ ጣቶቹን ሽርጡ ላይ አብሶ፤
«አባባ፣ ካልጣመዎት አይከፍሉም» አለ፣ ድምፁን ቀንሶ።

ያኔ መብራት ሄደ። እንደ ልማዱ፤ ሳይሰናበት።
ላዛኛው ፎርኖው ውስጥ ነበር፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረበት።
ከጓዳ አንድ ቃል ተሰማ፤ እዚህ የማልጽፈው።
አምስቱም ጠረጴዛ ስልኩን አበራ፤ ክፍሏ ድንገት ሰፋች፤
የጸጉር ቤቷ ሽታዬ፣ ቢጉዲን በራሷ፣ «ከሰል እኛ ጋ አለ!» ብላ ማዳበሪያ ጎትታ መጣች።
ብረት ድስት ተጣደ፤ ክዳኑ ላይ ፍም ደፋበት፣ ሊጋግረው፤
ከላይ እሳት፣ ከታች እሳት፤ እንደ ድፎ ዳቦ አደረገው።

አባቴ ተነሳ። ወደ ጓዳ። ልከተለው አልኩና ተውኩት።
«ፍሙን ወደ ዳር! መሃሉን ታሳርረዋለህ!» ሲል ሰማሁት።
«እኔ አፋር ምድር ላይ፣ በቸርኬ ዳቦ የጋገርኩ ሰው ነኝ!»
«ታዲያ ያስተምሩኝ፣ አባባ፤ እኔን ፎርኖ ነው ያሰነፈኝ።»

በስልክ ብርሃን ቀረበ፤ ጠርዙ ጠቁሮ፣ አይቡ ፈክቶ፣
ስጎው በጎኑ ወርዶ፣ ዝናብ እንደናደው ቀይ ጉብታ ረግቶ።
አባቴ ጎረሰ። ዝም አለ። ጎመኑን በሹካ ገልጦ አየ።
እንደገና ጎረሰ፤ ከወሬም፣ ከእኔም ተለየ።
«ጨው አንሶታል» አለ በመጨረሻ። ሰሃኑ ግን በዳቦ ተወልውሏል።
«እና ልክፈል?» አልኩት። «ክፈዪ እንጂ፤ ሰውዬው ደክሟል።»

ስንወጣ መብራት መጣ። ፎርኖው ባዶውን ግሎ ቀረ።
ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጥን፣ ጭቃውን ስናልፍ፣ ወሬ ጀመረ፤
ስለ አሰብ መስሎኝ ነበር። ስለ አይብ ነበረ።

«ኮሰረት ይጨምርበት። ነገ ብቻዬን መጥቼ እነግረዋለሁ፤ እዚያ ላይ ነው ነገሩ።»
«ነገ ረቡዕ ነው፣ አባ፤ ጾም ነው።»
                                «ታዲያስ? ‹ጾምም አለ› ይላል በሩ።»